ጥቅስን መጠየቅ፦ በሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ድርሰት ውስጥ ስለ ማስረጃ

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለ አንድ ልብ ወለድ ወይም ግጥም ሂሳዊ ድርሰት እንዲጽፉ ሲታዘዙ የሚያቀርቡትን ወረቀት ለብዙ ዓመታት ሳርም ቆይቻለሁ። በእነዚያ ወረቀቶች ኅዳግ ላይ ደጋግሜ የጻፍኩት አንድ ቃል ቢኖር «ማስረጃ?» የሚለው ነው። ቃሉን በቀይ እስክሪብቶ እጽፋለሁ፤ ተማሪው ወረቀቱን ተቀብሎ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ድርሰቱ ላይ ጥቅስ ጨምሮ ይመጣል። ጥቅሱ አለ፤ ማስረጃው ግን አሁንም የለም። ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት ረጅም ጊዜ ወስዶብኛል፤ ጥፋቱ ከፊሉ የእኔ እንደነበር የገባኝም ዘግይቶ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው በጥቅስና በማስረጃ መካከል ያለውን ልዩነት፣ እንዲሁም ልዩነቱን በክፍል ውስጥ ለማሳየት የሞከርኩበትን መንገድ ነው።

የተለመደው አጻጻፍ የሚከተለውን ይመስላል። ተማሪው በመጀመሪያ አንድ ፍርድ ይሰጣል፤ ለምሳሌ «ገጸ ባሕርይዋ ታጋሽ ናት» ይላል። ቀጥሎ «ይህንንም ደራሲው በሚከተለው መልኩ ገልጾታል» ብሎ ከመጽሐፉ ግማሽ ገጽ ያህል ይገለብጣል። በመጨረሻም «ከላይ ከቀረበው ጥቅስ መረዳት እንደሚቻለው ገጸ ባሕርይዋ ታጋሽ ናት» ብሎ ይዘጋል። ፍርዱ ከጥቅሱ በፊትም ከጥቅሱ በኋላም ያው ነው። በመካከል ግማሽ ገጽ ቢያልፍም አልጠነከረም፣ አልተሻሻለም፣ አልተገደበም። ጥቅሱ በማመልከቻ ግርጌ እንደሚመታ ማኅተም ሆኗል ማለት ነው፤ ማኅተም ደግሞ መኖሩ ይታያል እንጂ ማንም አያነበውም።

ተማሪው እንዲህ የሚያደርገው ሰነፍ ስለሆነ አይመስለኝም። ወደ ዩኒቨርሲቲ እስኪመጣ ድረስ ስለ ምንባብ የተጠየቀው በአብዛኛው «የምንባቡ ዋና ሐሳብ ምንድን ነው?» ተብሎ አራት ምርጫ ቀርቦለት ነው። ትክክለኛው መልስ አስቀድሞ ያለ ነገር ነው፤ የተማሪው ድርሻ እሱን ማግኘት ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ መልሱን በማስታወሻ መልክ እንሰጠዋለን። ድሮ በስቴንስል ተባዝቶ ይታደል የነበረው ሃንድአውት ዛሬ በቴሌግራም ይተላለፋል፤ ጥቅሙም ጉዳቱም ያው ነው። ተማሪው መጽሐፉን ከመግለጡ በፊት ፍርዱን ያውቃል፤ ስለዚህ መጽሐፉን የሚገልጠው ሊያነበው ሳይሆን ለፍርዱ የሚስማማ ጥቅስ ሊለቅምበት ነው።

በ1958 ዓ.ም. የወጣውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንውሰድ። በዚህ ልብ ወለድ ላይ የሚጽፍ ተማሪ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ስለ ጉዱ ካሳ ይጽፋል፤ የሚጽፈውም ጉዱ ካሳ የደራሲው አፈ ቀላጤ መሆኑን ነው። ከዚያም «ደራሲው ስለ ሥርዓቱ እንዲህ ይላል» ብሎ ካሳ ዳምጤ የተናገረውን ይጠቅሳል። እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል፤ ተናጋሪው ካሳ ነው። የሚናገረው ለአንድ ለተወሰነ ሰሚ ነው። የአካባቢው ሰው «ጉዱ» የሚል ቅጽል የሰጠው፣ እንደ ጤነኛ የማይቆጥረው ሰው ነው። ያ ንግግር በመጨረሻ የደራሲው አቋም ሆኖ ሊገኝ ይችል ይሆናል፤ እኔም ወደዚያው አዘነብላለሁ። ነገር ግን ከካሳ አፍ እስከ ሐዲስ ዓለማየሁ አቋም ድረስ መንገድ አለ፤ ተማሪው ያንን መንገድ በእግሩ ሄዶ ማሳየት ይኖርበታል። «ደራሲው ይላል» ብሎ ሲጽፍ መንገዱን በአንድ ዝላይ ይጨርሰዋል።

በዚሁ መጽሐፍ ላይ ሌላም ፈተና አለ። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው ንባብ እጅግ ተወዳጅ በመሆኑ ብዙዎች መጽሐፉን የሚያውቁት በጆሮ ነው። አንድ ተማሪ ስለ አንድ ገጸ ባሕርይ ቁጣ ሰፊ ትንታኔ ጽፎ አቀረበልኝ። ቁጣው በየትኛው ቃል እንደተገለጸ ብጠይቀው ጥቂት አሰብ አድርጎ «ሲነበብ ይሰማል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ይሰማል። የሚሰማው ግን የተራኪው ትርጓሜ ነው። ወጋየሁ እንደማንኛውም ጥሩ አንባቢ ስለ ገጹ ወስኗል፤ የት ድምፅ ከፍ እንደሚል፣ የት ዝቅ እንደሚል መርጧል። ተማሪው የጠቀሰው መጽሐፉን ሳይሆን ሌላ አንባቢን ነበር ማለት ነው። ይህ በራሱ ነውር የለውም፤ ነገር ግን ማንን እንደጠቀሰ ማወቅ ነበረበት።

ተማሪዎቼ ይህን ልዩነት እንዲጨብጡት ለማድረግ ከውጭ አገር የመማሪያ መጻሕፍት የተቀዱ ደንቦችን ለጥቂት ዓመታት ሞክሬያለሁ። ብዙም አልረዱኝም። የረዳኝ ተማሪዎቹ ራሳቸው ከቤት ይዘውት የመጡት፣ ቢያንስ በወሬ የሚያውቁት የቀድሞው የሙግት ሥርዓት ነው። በበላ ልበልሃና በተጠየቅ ጊዜ ባለጉዳይ የቱንም ያህል አንደበተ ርቱዕ ቢሆን ነገሩን የሚያጸናው በእማኝ ነው። እማኝም መጥቶ መቆሙ ብቻ አይበቃም፤ ይጠየቃል። የት ሆነህ አየህ? ያየኸውን ነው የምትናገረው ወይስ የሰማኸውን? ለከሳሹ ምኑ ነህ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ለጥቅስ እናቅርባቸው። ጥቅሱ ከታሪኩ በየትኛው ቦታ ላይ የሚገኝ ነው፤ ከእሱ በፊትና በኋላ ምን አለ? የሚናገረው ተራኪው ነው ወይስ ገጸ ባሕርይ? ገጸ ባሕርይ ከሆነ በነገሩ ውስጥ ምን ጥቅም አለው፤ ለማን ነው የሚናገረው፤ ሊዋሽ የሚችልበት ምክንያት ይኖረዋል? በእኔ ክፍል ውስጥ ጥቅስ ይዞ የቆመ ተማሪ ከጓደኞቹ የሚገጥመው ቃል «ተጠየቅ!» የሚለው ነው። መጀመሪያ ላይ ሳቅ ነበር፤ ውሎ አድሮ ሥራ ሆነ።

ከትርጓሜ ቤትም የምንወስደው አንድ ነገር አለ። በአንድምታ ሐተታ ውስጥ መምህሩ አንድ ነገር ከተናገረ በኋላ ከመጽሐፍ የተወሰደ ንባብ ያመጣና «እንዲል» ብሎ ያስራል። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ንባብ አጭር ነው፤ ለተነገረው ነገር የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው። «አንድም» ብሎ ሌላ ትርጓሜ ሲያመጣም ለዚያኛው ደግሞ የራሱን ምክንያት ያቀርብለታል። ንጽጽሩን ግን ከልክ በላይ መግፋት አይገባም። በትርጓሜ ቤት ትርጓሜው ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የሚወርድ ሀብት ነው፤ ደቀ መዝሙሩ የሚመሰገነው አጥርቶ በመቀበሉ ነው። የእኛ ተማሪ ደግሞ የራሱን ንባብ እንዲያቀርብ እንጠይቀዋለን። ችግሩም ምናልባት ከዚህ ይጀምራል፤ በአፋችን የራስህን አምጣ እያልነው በምንሰጠው ውጤት ግን የእኛን የመለሰልንን እንሸልማለን። ይህን የምለው ስለ ሌሎች አይደለም። ቀጥሎ የምተርከው ገጠመኝ የራሴ ነው።

ተማሪዎች አስቀድመው ፍርድ ያልሰሙበትን ምንባብ ለማግኘት ብዬ አንድ አጭር ምንባብ ራሴ ጻፍኩ፤ ደራሲው ማን እንደሆነ ሳልነግራቸው ለሦስተኛ ዓመት ክፍል አደልኩ። ምንባቡ ይህ ነው፦

«እማማ ዘነበች ጎህ ሳይቀድ ተነሡ። ከበሩ ሥር የነበረውን ሙሉ እንስራ ወደ ጓዳ ገፋ አደረጉት። ከዚያም ፍሙን አራግበው ጀበናውን ጣዱ። ለቶና የሚሆን ውኃ ግን አላዘጋጁም። ልጃቸው ጫማውን አጥልቆ ከመደቡ ጫፍ ተቀምጧል። ‹እስከ በረካው ቆይ፤ መኪናው የትም አይሄድ› አሉት። አቦሉን ተቀብሎ ፉት ሳይል መሬት አስቀመጠው። ጥሩምባ ተሰማ። እማማ ዘነበች ቀድመውት ተነሥተው በሩን ከፈቱለት።»

ጥያቄው «በእናትና በልጅ መካከል ያለውን ግንኙነት ከምንባቡ ማስረጃ እያቀረባችሁ አስረዱ» የሚል ነበር። አብዛኞቹ እኔ የጠበቅሁትን ጻፉ። እናት ልጇ እንዳይሄድባት ትለምናለች፤ ልጁ ይጨክናል፤ ለዚህም «እስከ በረካው ቆይ» የሚለው ንግግርና ሳይጠጣ የቀረው አቦል ማስረጃ ነው። መልካም ነው አልኩና ውጤት ሰጠሁ። አንዲት ተማሪ ግን እናትየዋ ልጃቸው እንደማይቆይ አስቀድመው ያውቃሉ፤ እንዲያውም የሸኙት ራሳቸው ናቸው ብላ ጻፈች። ያቀረበችው ማስረጃ ለቶና ውኃ አለመዘጋጀቱን ነው። ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ይህ የቤቱን ድህነት የሚያሳይ ነው፤ ውኃ የለም። ምንባቡን በጥንቃቄ አንብቢ!» ውጤቱንም «ሲ» አደረግሁት።

በማግስቱ ቢሮዬ መጣች። ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጣቷን ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አደረገችና «መምህር፣ እንስራው ሙሉ ነው» አለችኝ።

ከዚህ በላይ አልተናገረችም፤ መናገርም አላስፈለጋትም። እንስራውን «ሙሉ» ያልኩት እኔ ነኝ። ለምን እንዳልኩት አስታውሳለሁ፤ «ገፋ አደረጉት» ለሚለው ክብደት እንዲሰጠው ብዬ ነበር። የቶናውን ውኃ ስጽፍ ደግሞ በእርግጥ ድህነትን አስቤያለሁ። ነገር ግን ያሰብኩት በወረቀቱ ላይ የለም፤ በወረቀቱ ላይ ያለው ሙሉ እንስራና ያልተዘጋጀ ውኃ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ «ውኃ የለም» የሚለው የእኔ ፍርድ ይወድቃል። ውኃ አለ፤ ሳይዘጋጅ የቀረው ስለማያስፈልግ ነው። የማያስፈልገውም ልጁ ቶና እስኪደርስ እንደማይቀመጥ እናቱ ስለሚያውቁ ነው።

ተማሪዋን አስቀምጬ ሙግቱን እስከ መጨረሻው እንድትወስደው ጠየቅኋት። በወረቀቷ ላይ ያልጻፈቻቸው ሁለት ነገሮች ከዚያ ወጡ። የመጀመሪያው «ግን» የምትለዋ ቃል ናት። ተራኪው «ለቶና የሚሆን ውኃ አላዘጋጁም» ቢል ኖሮ የአንድ ነገር አለመኖርን ብቻ በነገረን ነበር፤ «ግን» ሲል ግን እንዲዘጋጅ መጠበቅ የነበረብን ነገር መቅረቱን ያስታውቀናል። ሁለተኛው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። ጥሩምባው ሲሰማ መጀመሪያ የተነሡት እናት ናቸው፤ «ቀድመውት» ይላል። ልጁን ለማስቀረት የሚጣጣር ሰው በር ለመክፈት አይቀድምም።

ታዲያ ሌሎቹ ተማሪዎች የተደገፉበት «እስከ በረካው ቆይ» የሚለው ንግግር የት ይሂድ? ይህን ስጠይቃት መልስ ለመስጠት ጥቂት ጊዜ ወሰደች። ከዚያም ያለችኝ፣ አባባሉ የእናትየዋ ቃል እንጂ የተራኪው አይደለም፤ በረካ ደግሞ ከቶና በኋላ የሚመጣ ነው፤ ለቶና ውኃ ያላዘጋጀች ሴት «እስከ በረካው ቆይ» ስትል እንደማይሆን እያወቀች ነው፤ የሚባል ነገር ስለሆነ ብቻ ነው ያለችው። እዚህ ላይ ነው ማስረጃ ሥራውን ሲሠራ ያየሁት። ለተቃራኒው ወገን ዋና ምስክር የነበረው ንግግር ተጠይቆ ለእሷ መሰከረ።

ሙሉ በሙሉ አልረታችኝም። በድርሰቷ መጨረሻ ላይ እናትየዋ «ልጇ እንዲሄድላት ትፈልጋለች» የሚል ነበረበት። ይህን ከየት አመጣሽው ብላት ወደ በሩ መከፈት ተመለሰች። የበሩ መከፈት ማወቃቸውን ያሳያል፤ መፈለጋቸውን ግን አያሳይም። ሰው የማይፈልገውን ነገር እያወቀ መንገድ ሊጠርግለት ይችላል። አንድ ማስረጃ የሚሸከመው የተወሰነ ክብደት አለው፤ ከዚያ በላይ ሲጭኑበት ይሰበራል። ይህንን ተቀበለች። ውጤቷን ወደ «ቢ ፕላስ» ከፍ አደረግሁት፤ በኅዳጉ ላይ የጻፍኩትን «በጥንቃቄ አንብቢ!» ሰርዤ ፈረምኩበት። ወሬው በክፍሉ ተሰማና በዚያው ሳምንት ሌሎች አምስት ስድስት ተማሪዎች ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። አብዛኞቹ ትክክል አልነበሩም። አንደኛው እንዲያውም «ጥሩምባ ተሰማ» የሚለው የምጽአት ቀንን ያመለክታል ብሎ ተከራክሮኛል፤ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በፊት ያለውን መኪና ሳሳየው ቅር እያለው ሄደ። ሆኖም ሁሉም ጣታቸውን ምንባቡ ላይ አድርገው ነበር የተከራከሩት። ከዚያ በፊት ስለ ውጤት ሲከራከሩ የሚያሳዩኝ የጓደኛቸውን ወረቀት ነበር።

ከዚህ ገጠመኝ በኋላ ለተማሪዎች በተለይ የማሳስባቸው ነገር ቢኖር አማርኛ ማስረጃውን በጥቃቅን ቦታ የሚደብቅ ቋንቋ መሆኑን ነው። «ግን»ን አይተናል። «እኮ»፣ «ማ»፣ «ስ»፣ «ም» የሚባሉት ደቂቅ ነገሮች ሁሉ የተናጋሪውን ግምት ይሸከማሉ። ከሁሉ በላይ ግን የአክብሮት መደብ አለ። ከላይ በቀረበው ምንባብ ተራኪው እናቲቱን «ተነሡ»፣ «አሉት» ይላል፤ ልጁን «ተቀብሎ»፣ «አስቀመጠው» ይላል። ብዙዎቹ ተማሪዎች ምንባቡን በራሳቸው ቃል ሲያቀርቡት «እናት ልጇን ትለምነዋለች» ብለው ጽፈዋል። በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ነገር ጠፍቷል። አንደኛ፣ ተራኪው የጠበቀው የአክብሮት ርቀት ፈርሷል። ሁለተኛ፣ በምንባቡ ያለው ግስ «አሉት» እንጂ «ለመኑት» አይደለም። ተማሪው «ትለምነዋለች» ሲል ፍርዱን ማስረጃው ውስጥ አስገብቶ ይሰፋዋል፤ ከዚያም ከማስረጃው ውስጥ ፍርዱን ያወጣና ያገኘው ይመስለዋል። በራስ ቃል መግለጽ ክልክል አይደለም፤ ረጅም ትረካን በሌላ መንገድ ማቅረብም አይቻልም። ነገር ግን ሙግቱ የሚንጠለጠልበት ቃል እንዳለ መጠቀስ አለበት። በልብ ወለድ ውስጥ «አንቱ» ይባባሉ የነበሩ ሁለት ሰዎች «አንተ» ወደ መባባል ያለፉበት ቦታ ከብዙ ገጽ መግለጫ የበለጠ ሊናገር ይችላል፤ ያንን ቦታ በራሱ ቃል አሳጥሮ የሚያልፍ ተማሪ ማስረጃውን በገዛ እጁ አጥፍቶታል።

በግጥም ላይ ደግሞ የፊደላችን ጠባይ ይጨመራል። መጥበቅና መላላት በጽሑፍ ስለማይለይ «አለ» የሚለው ቃል «ተናገረ» ወይም «ይገኛል» ሊሆን ይችላል። አንድ ስንኝ እንዲህ ባለ ቃል ላይ የሚዞር ከሆነ ተማሪው እንዴት እንዳነበበው መግለጽ፣ ሌላውን ንባብ ለምን እንዳልወሰደ፣ ወይም ሁለቱንም ለምን እንደያዘ መናገር ግዴታው ነው። ሰምና ወርቅ ፍለጋ ለሚወዱ ተማሪዎቻችን ይህ ማሳሰቢያ ደስ አይላቸውም፤ ወርቁን ለማውጣት ሲጣደፉ ሰሙን ሳያነቡት ይቀራሉ።

ከጽሑፉ ውጭ ያለ ዕውቀት ማስረጃ ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ይነሣል። በዚሁ ምንባብ ላይ አንድ ተማሪ በእነሱ አገር መንገደኛ ሙሉ እንስራ ካጋጠመው ገዱ ቀና እንደሚባል ጠቅሶ፣ እንስራው የልጁ መንገድ እንዲቀና የተቀመጠ ነው አለ። ልማዱን እኔም አውቀዋለሁ። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ የቸገረው ምንባቡ እናትየዋ እንስራውን ከበሩ አንሥተው ወደ ጓዳ እንደገፉት መናገሩ ነው። ልማዱን ካስገባነው እናትየዋ የልጃቸውን መልካም ገድ ከመንገዱ ላይ አንሥተዋል ማለት ሊሆን ነው፤ ይህ ደግሞ ተማሪው ሊል ከፈለገው ተቃራኒ ነው። ክፍሉ በዚህ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከረ፤ መቋጫ አላገኘንለትም። የውጭ ዕውቀት ይግባ፤ ሲገባ ግን በጽሑፉ በር በኩል ይግባ፤ ከገባም በኋላ እንደሌላው ምስክር ይጠየቅ።

ይህ ጉዳይ በከባድ ሁኔታ የሚገጥመን በዓሉ ግርማን ስናስተምር ነው። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ከገበያ መሰብሰቡን፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. የደረሰበት ሳይታወቅ መጥፋቱን የማያውቅ ተማሪ የለም። ታሪኩ ከባድ ነው፤ ማንም ሊረሳው አይገባም። ነገር ግን ስለ «ኦሮማይ» የሚቀርቡልኝ ድርሰቶች አብዛኛውን ጊዜ ስለ በዓሉ ዕጣ የተጻፉ ናቸው። መጽሐፉን የሚተርከው ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም ገጸ ባሕርይ መሆኑ ይረሳል፤ የሚለው ሁሉ የበዓሉ ኑዛዜ ተደርጎ ይወሰዳል። አንባቢው በመጽሐፉ ላይ የደረሰውን ስለሚያውቅ በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ማንበብ ያቆማል። ስለዚህ በዚህ መጽሐፍ ላይ ለሚጽፉ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ረቂቅ የደራሲውን ስም አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠሩ እንዲጽፉ አዛቸዋለሁ። ያማርራሉ። በሁለተኛው ረቂቅ ላይ ታሪኩን እንዲመልሱት እፈቅዳለሁ፤ ያን ጊዜ ከጽሑፉ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ አብዛኞቹ ራሳቸው ያገኙታል።

በተግባር ደረጃ ከሁሉ የጠቀመኝ መልመጃ ማሳጠር ነው። ተማሪው ያመጣውን ግማሽ ገጽ ጥቅስ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንጽፍና ከዳርና ከዳር ቃል እየሰረዝን እንሄዳለን። አንድ ቃል በሰረዝን ቁጥር «ፍርዱ አሁንም ይቆማል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሲሰረዝ ፍርዱን ይዞት የሚወድቅ ቃል ጋ ስንደርስ እናቆማለን፤ ማስረጃው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ከአምስት ቃል አይበልጥም። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጥቅሱ በሙሉ ተሰርዞ ፍርዱ ምንም ሳይነካው ይቀራል። ያን ጊዜ ክፍሉ ዝም ይላል፤ ፍርዱ ከመጽሐፉ ያልመጣ መሆኑን ማንም ሳይነግራቸው ያዩታልና።

ሌላው የማዛቸው በድርሰታቸው ውስጥ ለሐሳባቸው የማይመቸውን አንድ ቦታ ከዚያው መጽሐፍ ፈልገው እንዲጠቅሱ ነው። ይህ እጅግ ይከብዳቸዋል። ውጤት የሚያስቀንስ ስለሚመስላቸው ቀላልና ደካማ ተቃውሞ ፈልገው ያመጣሉ። እኔም ለዚህ ክፍል ለብቻው ነጥብ እስክመድብለት ድረስ ቁም ነገር ሳያደርጉት ቆይተዋል። ገጽ ስለ መጥቀስ ብዙ አልልም፤ እንደ «ፍቅር እስከ መቃብር» ያሉ መጻሕፍት ደጋግመው ስለታተሙ የትኛውን እትም እንደያዙ ዓመተ ምሕረቱን ካልጻፉ የገጹ ቁጥር ለአራሚው አይጠቅመውም።

ይህ ሁሉ ጊዜ የሚፈጅ መሆኑን አልሸሽግም። በአንድ ክፍል ስድሳና ሰባ ተማሪ ይዞ የእያንዳንዱን ጥቅስ መጠየቅ አይቻልም፤ እኔም በአንድ መንፈቅ ከሁለት ድርሰት በላይ በዚህ መልክ ማረም አልቻልኩም። ደግሞ ነገሩ የራሱን ችግር ይዞ መጣ። የእማማ ዘነበችን ምንባብ በሚቀጥለው ዓመት ለአዲሱ ክፍል ብሰጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተማሪዎች እናትየዋ ልጃቸውን ራሳቸው እንደሸኙ ጽፈው መጡ። ደስ ብሎኝ ማንበብ ጀመርኩ። ሦስተኛው ወረቀት ላይ ስደርስ ነገሩ ገባኝ፤ የዚያች ተማሪ ንባብ በቴሌግራም ተላልፎ ማስታወሻ ሆኗል። «ከላይ ከቀረበው ጥቅስ መረዳት እንደሚቻለው እናት ልጇን ሸኝታለች» ይላል፤ እንስራው አልተጠቀሰም፤ «ግን» የምትለዋም ቃል የለችም። ትክክለኛ ፍርድ ይዘው እንደገና ከመነሻችን ተገኘን። «ማስረጃ?» ብዬ በቀይ ጻፍኩ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አዲስ ምንባብ እጽፋለሁ። የእማማ ዘነበችን እዚህ በማተሜ ከእንግዲህ ለፈተና አይሆንም፤ ባልደረቦቼ ለመልመጃ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። የእንስራውን ጉዳይ ግን ከእኔ ክፍል በተሻለ የፈታው ካለ በዚህ መጽሔት ቢጽፈው ደስ ይለኛል።